ቀሪው የሰውነታቸው ሥራ ነው

በ2015 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ከመርካቶ የገዛችው አዲስ የፕላስቲክ ጫማ የግራ እግሯን ትንሽ ጣት ላጣት። የስኳር ሕመም ከያዛት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበርና እግሯ እንደ ቀድሞው ሕመም አይነግራትም። ያወቀችው ካልሲዋ ሲረጥብ ነው። ካወቀች በኋላም ቢሆን ለሦስት ሳምንት ያህል ከእኔ ደበቀችው። ማታ ከሥራ ስመለስ ጋቢዋን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ ትጠብቀኛለች፤ እኔም የበረዳት መስሎኝ መስኮት እዘጋለሁ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ያስተማረችኝ እርሷ ናት፤ ለራሷ ሲሆን ግን ረሳችው። ለምን እንደደበቀችኝ ስጠይቃት፣ “የወር መጨረሻ ነበር ልጄ፤ ገንዘቡን ከየት ያመጣል ብዬ ነው” አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል ልጅ ከዚህ የከበደ ቃል ያለ አይመስለኝም።

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኛች። ቁስሉን አጠቡላት፤ ኢንሱሊን ወጓት፤ በደም ሥሯ አንቲባዮቲክ ጀመሩላት። ሳምንት አለፈ፤ እብጠቱ ግን ከጣቷ ወደ ውስጥ እግሯ ተሻገረ። መድኃኒቱ በሌላ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ውጤት በዘጠነኛው ቀን መጣ። ሠንጠረዥ ማንበብ የዕለት እንጀራዬ ነውና ወረቀቱን ከሐኪሙ ቀድሜ አነበብሁት። በግራ በኩል የስምንት መድኃኒቶች ስም ተዘርዝሯል፤ በቀኝ በኩል በሰባቱ ትይዩ አንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ቁልቁል ተሰድሯል። ትርጉሙን ነርሷን ጠየቅኋት። “ተህዋሲው ተቋቁሞታል ማለት ነው” አለችኝ። ስምንተኛው ብቻ ሌላ ፊደል ነበረው። እርሱም በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አልነበረም። የዕቁቤን ዕጣ ከተራዬ በፊት ለምኜ ተቀብዬ፣ ከተማውን በሁለት ቀን አዳርሼ፣ ለአምስት ቀን የሚበቃውን አገኘሁ። ከዚያ በላይ አልተገኘም።

በእነዚህ ቀናት ውስጥ ትንሿ ጣት ተቆረጠች። መድኃኒቱ ያለቀ ዕለት ሐኪሙ፣ በዕድሜ የእኔ ታናሽ የሚሆን፣ ዓይኑ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ የሚናገርበት ወጣት፣ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ “እኛ የምንችለውን አድርገናል። ቀሪው የሰውነታቸው ሥራ ነው።”

ጮኽሁበት። “ለሰውነቷማ ከሆነ ቤቷስ ትተኛ አልነበረም ወይ!” አልሁት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አስታማሚዎች ሁሉ ዞሩ። ሐኪሙ አልመለሰልኝም። እናቴ ግን እጄን ጨብጣ፣ “ዝም በል፤ ልጁ ደክሞታል” አለችኝ። ይህች ጽሑፍ የዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ታሪክ ናት። በዚያን ቀን ሰበብ መስላ የተሰማችኝ ቃል ቀስ በቀስ እንዴት ሌላ ፍቺ እንደያዘችብኝ ልነግራችሁ ነው።

በማግሥቱ አንድ ወዳጄ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ወዳጄ ፋርማሲስት ነው፤ የተዋወቅነው ግን በግጥም ምሽት ነው። የሐኪሙን ቃል እንደ ቀልድ ነገርሁት፤ አልሳቀም። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ “ስለ እንቁራሪቶቹ ነግሬህ አላውቅም?” አለኝና ጀመረ።

ሚካኤል ዛስሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤተዝዳ በሚገኘው የአገሩ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። ለጥናቱ የሚጠቀመው በባለ ጥፍሮቹ የደቡባዊ አፍሪካ እንቁራሪቶች ነው። ሆዳቸውን በቀዶ ጥገና ይከፍታል፤ እንቁላሉን ይወስዳል፤ ሰፍቶ ወደ ገንዳቸው ይመልሳቸዋል። የገንዳው ውኃ ንጹሕ አልነበረም፤ ተህዋስያን ይርመሰመሱበታል። ቁስሎቹ ግን ሳይመግሉ ይድናሉ። ይህን ደጋግሞ ሲያይ ኖሮ አንድ ቀን “ለምን?” ብሎ ጠየቀ። መልሱን ከእንቁራሪቶቹ ቆዳ ውስጥ አገኘው፤ እያንዳንዳቸው 23 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሁለት አጫጭር ፔፕታይዶች። በ1987 ለዓለም ሲያስተዋውቃቸው “ማጋይኒን” አላቸው፤ “ማጌን” በዕብራይስጥ ጋሻ ማለት ነውና።

ለእኔ ቢጤ የሒሳብ ሰው ፔፕታይድ ምን እንደሆነ ወዳጄ ያስረዳኝ በምንጋራው ቋንቋ ነው። የሰውነታችን ፕሮቲኖች የሚጻፉት በሃያ ፊደላት ነው፤ ፊደላቱ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ፕሮቲን ረጅም ድርሰት ከሆነ ፔፕታይድ አንዲት ስንኝ ናት። ሳይንቲስቶቹም እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ በአንድ የላቲን ፊደል ስለሚወክሉት የእንቁራሪቷ ጋሻ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ከአንድ መስመር አይበልጥም።

ዛስሎፍ የመጀመሪያው አልነበረም። ከእርሱ ቀደም ብሎ፣ በ1981፣ ስዊድናዊው ሃንስ ቦማንና ባልደረቦቹ በድር ጎጆዋ ውስጥ ተጠቅልላ የምትተኛን አንዲት ትልቅ የእሳት እራት ተህዋስያን ወግተው፣ ራሷን የምትከላከልበትን ፔፕታይድ አግኝተው ነበር። የእሳት እራት እንደ እኛ የቀድሞ ጠላቱን መልክ የሚያስታውስ ፀረ እንግዳ አካል የላትም፤ በአጫጭር ስንኞቿ ትኖራለች። ኋላም እንዲህ ያሉ ፔፕታይዶች በላምና በአሳማ፣ በዛፍና በዘር፣ በእኛም ቆዳ፣ በአንጀታችንና በነጭ የደም ሕዋሶቻችን ውስጥ ተገኙ። ከእኛዎቹ አንዱ 37 አሚኖ አሲዶች አሉት።

እነዚህ ፔፕታይዶች ይገድላሉ። አብዛኞቹ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው፤ የተህዋስያን ቆዳ ደግሞ አሉታዊ ነው። ሄደው ይለጠፉበታል፤ ይበሱታል። የእኛ ሕዋሳት የውጭ ገጽ እንዲያ ያለ ሙል ስለሌለው በብዛት ይምሩናል። ታዲያ ዓለም “አዲስ አንቲባዮቲክ ተገኘ” ብሎ ተደሰተ። ከማጋይኒን ተሻሽሎ “ፔክሲጋናን” የተባለ ቅባት ተሠራ። ለምን በሽታ ነው የተሞከረው? ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል።

ይህን ሲነግረኝ ከወንበሩ ተነሣሁ። “የት ይሸጣል?” አልሁት። እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ከ800 በላይ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በአፍ ከሚወሰድ አንድ ነባር አንቲባዮቲክ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ግን በ1999 ፈቃድ ነፈገው፤ አስቀድሞ ካለው መድኃኒት የሚሻልበት ነገር አልታየምና። በ2016 በሌላ ኩባንያ እጅ እንደገና ሲሞከር ደግሞ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ቅባት እንኳ ሳይበልጥ ቀረ። የእናቴን በሽታ በስሙ የጠራ መድኃኒት እርሷ ሳትታመምም ታምማም ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሷል።

“ታዲያ ለምን ነገርኸኝ?” አልሁት። “የነገርሁህ ሰሙን ነው፤ ወርቁ ገና ነው” አለኝ።

ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ሰምና ወርቅን የማውቀው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ በተማርነው ልክ ነው። ያም ሆኖ ነገሩ ገባኝ። ለሃያ ዓመት ያህል ተመራማሪዎች የእነዚህን ስንኞች ሰም ሲያነቡ ኖረዋል፤ “ግደል” የሚለውን። አንድ ነገር ግን ሒሳቡን ያዛባባቸው ነበር። በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ተህዋስያንን የሚፈጁት ብዙዎቹ ፔፕታይዶች፣ በደማችን ውስጥ ያለውን ያህል ጨው ሲጨመርባቸው ይዳከማሉ። በሰውነት ውስጥ ያላቸውም መጠን ብዙውን ጊዜ ለመግደል የሚበቃ አይመስልም። በሰውነት ውስጥ እንግዲህ ሌላ ሥራ አላቸው ማለት ነው። ቫንኩቨር፣ ካናዳ ውስጥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሮበርት ሃንኮክና ባልደረቦቹ ያነበቡት ይህን ሁለተኛውን ፍቺ ነው። ፔፕታይዱ የሰውነትን ዘቦች ይጠራል። ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቁስሉ ይመራል፤ የተኙትን ይቀሰቅሳል፤ ከልክ በላይ የተቆጡትን ደግሞ ያበርዳል።

ወርቁ ይህ ከሆነ ሰሙን ትቶ ወርቁን ብቻ የያዘ ስንኝ መጻፍ ይቻል ይሆን? በ2007 “ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ” በተባለው መጽሔት ያወጡት መልስ “ይቻላል” የሚል ነበር። የሠሩት ፔፕታይድ 13 ፊደላት ብቻ አሉት። በሳሕን ላይ ከተህዋስያን ጋር ቢያኖሩት አንዱንም አይገድልም። አይጦች ላይ ሲወጋ ግን መድኃኒት ከተላመዱት ጭምር፣ ከተለያዩ ተህዋስያን ጠበቃቸው። ከመታመማቸው በፊት ቢሰጥም፣ ከተያዙ ከሰዓታት በኋላ ቢሰጥም ሠራ። ተህዋሲውን በቀጥታ ስለማይነካው፣ ተህዋሲው ሊላመደው የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች የተነሣ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ በተገመተበት ዓለም ይህ ትንሽ ተስፋ አይደለም።

“ማበርዱ ለምን አስፈለገ?” ብዬ ጠየቅሁ። “መከላከያ ሲበዛ ምን ይጎዳል?” በጥያቄዬ መሐል ግን መልሱን ከራሴ ሥራ ቤት አገኘሁት።

ጋሼ ብለን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት የቅርንጫፋችን ጥበቃ ናቸው። ጠመንጃ ይዘዋል፤ እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንዴም ሲተኩሱ አላየሁም። የሚሠሩበት ፉጨታቸው ነው። በር ላይ ነገር ሲበላሽ ይነፋሉ፤ ከግራና ከቀኝ ያሉት ጥበቃዎች ይመጣሉ፤ ነገሩ ይበርዳል። አንድ ቀን ግን አንዷ ባልደረባችን ከወንበሯ ስትነሣ ጉልበቷ የአደጋ ጥሪውን ቁልፍ ነካው። ጩኸቱ አካባቢውን ሞላው። ሰው ተራወጠ፤ የበሩ መስተዋት ተሰበረ፤ ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አንድ ሽማግሌ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ሌባ አልነበረም። በዚያን ቀን ያደረሰብንን ጉዳት ሁሉ ያደረሰው መከላከያችን ነው። በደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው አለኝ ወዳጄ፤ ሰውነት ራሱ ባነደደው እሳት። ስለዚህ ጥበቡ ፉጨቱን ማስጮኽ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ፉጨት መንፋት ነው።

ያን ሌሊት ከእናቴ አልጋ ግርጌ ወንበር ላይ ሆኜ፣ በተከፋይ ሒሳብ ወረቀት ጀርባ እነዚህን ስንኞች ጻፍሁ፦

የተኛው ዘበኛ፣ ፉጨት የሰማ ለት፣
ደጅ የቆመው ሌባ፣ መግቢያ ጠፋበት፤
ከእናቴ እግር ሥር፣ ተቀምጬ ሳድር፣
ያን ፉጨት ለመንሁ፣ ከሰማይ ከምድር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ወዳጄ በስልኬ ጽሑፎች ይልክልኝ ጀመር። ከሁሉ ያስደነቀኝ ስንኞቹ የሚጻፉበት መንገድ ነው። ብሩስ ሜሪፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1963 ፔፕታይድን በላቦራቶሪ የመሥራት ብልሃት አሳየ፤ የመጀመሪያውን አሚኖ አሲድ ከደቃቅ የፕላስቲክ እንክብል ጋር ያስርና ሌሎቹን አንድ በአንድ እየቀጠለ፣ በየመሐሉ እያጠበ፣ መጨረሻ ላይ ክሩን ከእንክብሉ ይፈታዋል። በ1984 ኖቤል ተሸለመበት። በ1992 ደግሞ ጀርመናዊው ሮናልድ ፍራንክ ከእንክብል ይልቅ ወረቀት ተጠቀመ። በወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ቦታዎች ይመደባሉ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ የተለየ ፔፕታይድ ይገነባል። እንግዲህ መድኃኒት በወረቀት ላይ፣ ፊደል በፊደል ይጻፋል ማለት ነው! ለገጣሚ ከዚህ የሚጥም ወሬ ከየት ይመጣል?

ሃንኮክና ባልደረቦቹ በዚህ ወረቀት ላይ የጻፉት አንዱ ስንኝ መነሻው ላም ናት። በላም ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ከሚገኙት ፔፕታይዶች አንዱ 12 ፊደላት ያሉት ነው። ሃያ ፊደላትን በ12 ቦታ መደርደር በስንት መንገድ ይቻላል? የባንክ ሰው ነኝና አስልቼዋለሁ፦ 4,096,000,000,000,000። በየሴኮንዱ አንድ ቢቆጠር ወደ 130 ሚሊዮን ዓመት ይወስዳል። ይህን ሁሉ መጻፍ ስለማይቻል ያደረጉት እኛ ግጥም ስናርም የምናደርገውን ነው። ስንኙን እንዳለ ይይዙና አንዱን ፊደል አውጥተው በእርሱ ቦታ የቀሩትን አሥራ ዘጠኙን ተራ በተራ ይሞክራሉ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ፊደል ያልፋሉ። አሥራ ሁለት ቦታ በአሥራ ዘጠኝ፣ 228 ሙከራ። የትኛው ፊደል ቢነካ ስንኙ እንደሚፈርስ፣ የትኛው ቢለወጥ እንደሚጠነክር ያያሉ። ኋላም ኮምፒውተር ከእነዚህ ውጤቶች ተምሮ ያልተጻፉትን እንዲገምት አደረጉ። በዚህ መንገድ ቁጥር 1018 የተሰጠው ፔፕታይድ ተወለደ፤ እርሱም 12 ፊደላት አሉት።

ለእናቴ የላሟን ነገር ነገርኋት። ገጠር ያደገች ናትና ፊቷ በራ። “ላሟ ከቅቤዋ ሌላ መድኃኒት አላት በለኛ!” ብላ ሳቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን ግን አንድ ጽሑፍ አነበብሁ። በ2012 የወጣ ነው፤ 1018 በቁስል ላይ ተሞክሮ ነበር። በተህዋሲ በተበከለ የአሳማ ቁስል ላይ ፈውሱን አፋጠነ። ስኳር በሌለባቸው አይጦች ላይም አፋጠነ። ስኳር ባለባቸው አይጦች ላይ አላፋጠነም። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ መልሼ አነበብሁት። የሆነ ቦታ ቁጥር ተዛብቶ እንደሆነ በቀኑ መጨረሻ ጎደሎ ሒሳብ እንደምፈልገው ፈለግሁ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትሁት።

ለወዳጄ ደወልሁለት፤ ስለ እናቴ እግር እንጂ ስለ ሳይንስ አልጠየቅሁትም። እርሱ ግን በእኔው ምሳሌ መለሰልኝ። “ፉጨቱ ቢነፋ ምን ያደርጋል፣ ዘበኛው እግሩ ከታሰረ?” አለኝ። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰንፋሉ፤ ወደ ቁስሉ የሚያደርሱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። የሚያምር ቃል ጆሮ ካላገኘ ድምፅ ብቻ ነው። “አንተ አሁን መሥራት የምትችለው አንድ ነገር አለ” አለኝ፤ “ዘበኛውን ፍታው።”

ለካ ሐኪሙ በየጠዋቱ ስለ ስኳሯ ሲጠይቀኝ የኖረው ለዚህ ነው! እኔ አንቲባዮቲኩን ስከታተል ስኳሩን እንደ ትርፍ ጉዳይ ቆጥሬዋለሁ። በማግሥቱ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የስኳር መጠን፣ የተወጋችው ኢንሱሊን፣ የበላችው፤ አምስት ዓምድ። ስትገባ 340 ነበር። በቀን አራት ጊዜ እየተለካ እጽፋለሁ፤ ለሐኪሙ ሳልናገር ደብተሩን አልጋዋ ላይ አኖረዋለሁ፤ እርሱም ሳይናገር አንብቦ መጠኑን ያስተካክላል። በእኔና በእርሱ መካከል ከጩኸቴ በኋላ የነበረው ንግግር ይኸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ዓምዱ ከ140 እስከ 180 ባለው መካከል ረጋ። ቁስሉም ከዳር ዳር ቀይ ሥጋ ማውጣት ጀመረ። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ፣ “ይኸውልህ፣ እየሞላ ነው” ስትለኝ፣ ያ የሚያስፈራ ቀይ በዓይኔ የአደይ አበባ ሆነብኝ።

እናቴን ያዳናት ምንድን ነው ብትሉኝ አንዱን ብቻ ነጥዬ አልነግራችሁም። የተቆረጠችው ጣት፣ የአምስቱ ቀን መድኃኒት፣ የኢንሱሊኑ መርፌ፣ የነርሷ እጅ፣ እነዚህ ሁሉ አሉበት። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይባል የለ? ይሁንና እነዚህ ሁሉ ያደረጉት መንገድ መጥረግ ነው። በተጠረገው መንገድ የሄደው ቁስሉን የሞላው፣ አንድም ሰው ያልጻፈው፣ በእናቴ ደም ውስጥ ከመወለዷ በፊት የተጻፈ ስንኝ ነው።

ሳይንቲስቶቹ ያን ስንኝ በእጃቸው ለመጻፍ እንደሚጥሩ አውቃለሁ፤ ገና መሐል መንገድ ላይ ናቸው። ፔፕታይድ በደም ውስጥ ሲገባ የሰውነት ቆራጭ ኢንዛይሞች በፍጥነት ይበጣጥሱታል፤ ይህን ለማምለጥ በመስተዋት እንደታየ የተገለበጡ አሚኖ አሲዶችን ይጠቀማሉ። መጠኑ ሲበዛ የራሳችንን ሕዋሳት ይጎዳል፤ ዋጋውም ውድ ነው። የሰመረም አለ፦ በዚያው በ2012 ይኸው 1018 አንጎል ላይ የወጣ ወባ ለያዛቸው አይጦች ከወባ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ፣ ጥገኛ ተህዋሲውን ሳይነካ እብጠቱን በማብረድ ከፊሎቹን ከሞት አትርፏል። ያልሰመረም አለ፦ ከዚሁ ወገን የሆነ፣ አምስት ፊደላት ብቻ ያሉት “ዱስኩዌታይድ” የተባለ ፔፕታይድ፣ የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ሕሙማን በጨረር ሕክምና ምክንያት በአፋቸው ለሚያወጡት ቁስል በመጨረሻው ዙር ተሞክሮ በ2020 የታለመለትን ግብ ሳይመታ ቀረ። እንዲህ ያለ ዜና ሳነብ አሁን አልናደድም። አንድ ስንኝ ለማቅናት ስንት ሌሊት እንደሚያልፍ ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን፤ የእኛ ስንኝ ቢበላሽ ግን ሰው አይሞትም።

እናቴ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከቤት ወጥታ ሰፈሩን ዞረች፤ በዘጠኝ ጣት ትራመዳለች።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተራ ቁጥር ጠርቼ ቀና ስል መስኮቴ ፊት የቆመው ያ ሐኪም ነበር። አላወቀኝም። የመታወቂያውን ስም ከቼኩ ጋር አመሳከርሁ፤ ገንዘቡን ሁለቴ ቆጠርሁ። ሦስተኛ ጊዜ ለመቁጠር ስጀምር እጄ መንቀጥቀጡን አየሁ።

“ዶክተር፣ ክረምት ላይ እናቴን ሲያክሙ ጮኬብዎት ነበር” አልሁት። “ይቅርታ ሳልጠይቅዎ ወጣሁ።”

ፊቴን ትኩር ብሎ አየ። “ባለ ደብተሩ!” አለ። “እግራቸውስ?”

“ድናለች። ‘ቀሪው የሰውነታቸው ሥራ ነው’ ብለውኝ ነበር፤ እውነትዎን ነው።”

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ” አለኝ። “እንደዚያ የምለው የምሰጠው መድኃኒት ያለቀብኝ ለት ነው።”

ገንዘቡን በመስኮቱ ሥር አሳለፍሁለት። እርሱ የሰሙን ተናግሮ ነበር፤ ወርቁ እጁ ላይ እንዳለ ራሱም አላወቀም። ላስረዳው አሰብሁ፤ እንቁራሪቶቹን፣ ላሟን፣ የወረቀቱን ነጠብጣብ። ከኋላው ግን ሰልፉ ረዝሞ ነበር። “ይቁጠሩት” ብቻ አልሁት። “ቆጥረኸዋል” ብሎ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ታጥባ፣ በፎጣ እያደረቀች፣ በየጣቶቿ መሐል ትመለከት ነበር። ጋቢው ትከሻዋ ላይ ነው። እኔም ደብተሩን አውጥቼ የምሽቱን ቁጥር ጻፍሁ።